የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጥራዞች ለጎጃም ትንሽ ከተማ ታሪክ ምን ያህል ይበቃሉ?

የትምህርት ቤት ኢዮቤልዩ መጽሔት የሚያዘጋጅ፣ የደብሩን ታሪክ የሚያሰባስብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ስለ አንዲት የጎጃም ገጠር ከተማ ሲጽፍ የሕዝቧን ቁጥር የሚያስቀምጠው መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ቁጥሩ ዞሮ ዞሮ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ በሦስት ጊዜ ካወጣቸው የቆጠራ ጥራዞች። ጥራዞቹ ለዞንና ለወረዳ ሥራ በጣም ጥሩ ናቸው። አምስት ወይም ስምንት ሺህ ሰው ላላት ከተማ ግን እንዳሉ ከተገለበጡ ያሳስታሉ። ጥፋቱ ቆጠራው ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ አገባባችን ላይ ነው፤ አገባቡ ደግሞ ሊታረም ይችላል።

በእጅ ያለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ተካሂደዋል (በአፋርና በሶማሌ የሦስተኛው ወደ ኅዳር 2000 ተዛውሮ ነበር)። አራተኛው ለ2010 ታቅዶ ተላለፈ፣ በ2011 ደግሞ እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ስለ ጎጃም ከተሞች ቤት ለቤት ተቆጥሮ የታተመው የመጨረሻው ቁጥር ዛሬም የ1999ኙ ነው። ከዚያ ወዲህ በየመጽሔቱና በየቢሮው የሚነበበው ሁሉ ትንበያ ወይም የአካባቢ ግምት ነው። ይህን ለአንባቢ ሳይናገሩ «የከተማዋ ሕዝብ አሁን ይህን ያህል ነው» ብሎ መጻፍ የዚህ ዓይነት ጽሑፎች ትልቁ ስሕተት ነው።

ጥራዞቹን ለመክፈት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ሠንጠረዦቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የከተማ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ኘ ያለበት ስም ከቆጠራ ቆጠራ አጻጻፉ ይለዋወጣል። የድሮዎቹ ጥራዞች ስካን የተደረጉ ገጾች ስለሆኑ የፍለጋ ሳጥን አይሠራባቸውም። የሚያዋጣው መንገድ ዞኑን፣ ከዚያ ወረዳውን አግኝቶ በወረዳው ሥር «ከተማ» ተብለው የተዘረዘሩትን አንድ በአንድ ማየት ነው። ስም ብቻ ፈልጎ ያጣ ሰው ከተማዋ አልተቆጠረችም ብሎ መደምደም የለበትም።

ሌላው እንቅፋት የአስተዳደር ወሰን ነው። የ1976ቱ ቆጠራ የጎጃም ክፍለ ሀገርን በአውራጃ ከፍሎ ያቀርባል፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደብረ ማርቆስ፣ አገው ምድር፣ መተከል በአንድ ጥላ ሥር ናቸው። በ1987 ጎጃም የሚባል አንድ ጥራዝ የለም፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ በአማራ ክልል ውስጥ ለየብቻቸው ዞን ሆነዋል፣ መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄዷል። ከ1999 በኋላ ደግሞ ወረዳዎች ተከፋፍለዋል። ለምሳሌ ሜጫ ሰሜን ሜጫና ደቡብ ሜጫ ሆኗል፤ በዞን ደረጃም ሰሜን ጎጃም የሚባል ተጨምሯል። «የጎጃም ሕዝብ ከ1976 እስከ 1999» ብሎ ጠቅላላ ድምርን ከጠቅላላ ድምር ጋር ማወዳደር ስለዚህ ውኃ አያነሳም። መወዳደር የሚችለው በሦስቱም ጊዜ ራሷን ችላ የተመዘገበች ከተማ ናት፤ እሷም ብትሆን ወሰኗ እንዳልሰፋ ከማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ከተረጋገጠ በኋላ።

«ከተማ» የሚለው ቃልም በጥራዙ ውስጥ የራሱ ትርጉም አለው። በመርሕ ደረጃ 2,000 ሰው ያለው ሰፈር ነው፤ በተግባር ግን የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተማ ሁሉ የሕዝቡ ብዛት ሳይታይ ከተማ ይባላል። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር (የከተማ ቀበሌ) የነበረውም ይጨመራል። ከነዚህ ውጭ 1,000 ሰው ኖሮት አብዛኛው ነዋሪ ከግብርና ውጭ በሆነ ሥራ የሚተዳደር ከሆነም ይገባል። በጎጃም ይህ ብዙ ነገር ይለውጣል። የቅዳሜ ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ደብር ያለው፣ ነዋሪው ግን በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰፈር በአንዱ ቆጠራ ገጠር ሆኖ ያልፋል። የወረዳ መቀመጫ በሆነ ማግስት በሚቀጥለው ቆጠራ «1,800 ሕዝብ ያላት ከተማ» ሆኖ ብቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ጸሐፊ ከተማዋ በአሥር ዓመት ከምንም ተነሥታ ያደገች አድርጎ ይጽፋል፤ ሰዎቹ ግን ከነአያቶቻቸው እዚያው ነበሩ።

የዞን ቁጥሮቹ የትንሿን ከተማ መጠን ለመረዳት ይጠቅማሉ። በ1999 ምሥራቅ ጎጃም 2,153,937 ሕዝብ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ የከተማ ነዋሪው 213,568፣ ማለትም 9.9 በመቶ ነው። ምዕራብ ጎጃም 2,106,596 ሕዝብ ነበረው፣ የከተማው 184,703 ወይም 8.8 በመቶ። አዊ 982,942፣ የከተማው 123,014 ወይም 12.5 በመቶ። ደብረ ማርቆስ ብቻዋን 62,497 ስለነበረች ከምሥራቅ ጎጃም ከተሜ ሦስት አሥረኛ የሚጠጋው እሷ ዘንድ ነው። የቀረውን ወደ 151 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን፣ ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ የጁቤና ሌሎቹ ተካፍለውታል። ትንሽ የእርሻ ከተማ የሚባለው በዚህ ክፍፍል ውስጥ ያለው ነው። ስለ አንዷ ሲጻፍ ይህን ንጽጽር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ለአንባቢ ትልቅ ብርሃን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ስሌት በዝርዝር እንየው። አንዲት ከተማ በ1987 ቆጠራ 5,000፣ በ1999 ደግሞ 8,000 ነበረች እንበል። ጭማሪው 60 በመቶ ነው። 60ን ለ12 አካፍሎ «በዓመት 5 በመቶ አደገች» የሚል ጽሑፍ በብዛት ይታያል፤ ይህ ጭማሪ በጭማሪ ላይ እንደሚወልድ የዘነጋ ስሌት ነው። ትክክለኛው መንገድ 8,000ን ለ5,000 ማካፈል (1.6 ይሆናል)፣ ከዚያ በሳይንሳዊ ካልኩሌተር የ1.6ን ኃይል «1 ሲካፈል ለዓመቱ ብዛት» አድርጎ ማውጣት ነው። የዓመቱ ብዛት ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1999 ሲቀነስ 1987፣ 12 ይሆናል፤ በፈረንጆቹ 2007 ሲቀነስ 1994፣ 13። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከጥቅምት 1 ቀን 1987 እስከ ግንቦት 20 ቀን 1999 ያለው 12 ዓመት ከ7 ወር ከ19 ቀን፣ ማለትም ወደ 12.6 ዓመት ነው። በ12 ሲሰላ ዕድገቱ 4.0 በመቶ፣ በ13 ሲሰላ 3.7፣ በ12.6 ሲሰላ 3.8 በመቶ ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 8,000ውን 20 ዓመት ወደፊት ሲወስዱት በ4.0 ወደ 17,500፣ በ3.7 ወደ 16,500 ያደርሳል፤ በዚያ በተሳሳተው 5 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ21,000 ያልፋል። ለአንዲት ትንሽ ከተማ የውኃ ጉድጓድ ወይም የመማሪያ ክፍል ሲታቀድ አራትና አምስት ሺህ የሌለ ሰው ማለት ነው። ከ1976 እስከ 1987 ያለው ልዩነት 10 ዓመት ከ5 ወር መሆኑንም መያዝ ነው።

ይህን ስሌት ከክልሉ ጋር ማስተያየትም ያስፈልጋል። አማራ ክልል በ1987 13,834,297፣ በ1999 17,221,976 ሕዝብ ነበረው፤ በዓመት 1.7 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ስለነበር በፓርላማ ጭምር አነጋግሯል። ስለ አንድ የጎጃም ከተማ የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለል የለበትም፤ የ1999ኙን ቁጥር ሲጠቅስ ክርክር እንደነበረበት በግልጽ ማስቀመጥ የሐቀኝነት ጉዳይ ነው።

ጥራዞቹ ስለ ሥራ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ወሊድና ስለ ቤት ዕቃ የሚሰጡት መረጃ ሲታይ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። በቆጠራው ቤተሰብ ሁሉ አጭሩን መጠይቅ ሲሞላ፣ ረጅሙ መጠይቅ የቀረበው ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ነው። ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የመሳሰለው ከሁሉም የተሰበሰበ ስለሆነ ለትንሽ ከተማ ይሠራል። የቀረው ግን ናሙና ነው። 900 ቤተሰብ ባላት ከተማ ረጅሙን የሞላው 180 ቤተሰብ ነው። ሠንጠረዡ «10 በመቶ ቤተሰብ ይህ ዕቃ አለው» ካለ እውነቱ ከ6 እስከ 14 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ከተሞችን በ9 እና በ12 በመቶ እያወዳደሩ «ይቺ ትሻላለች» ማለት አያስኬድም። ይህ ዓይነቱ መረጃ በወረዳ ደረጃ ይጠቀስ፣ ለከተማዋ ባይጠቀስ ይሻላል።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። የልደት ቀን ባልተመዘገበበት አገር ሰው ዕድሜውን ወደ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ያጠጋጋል፤ 40 ዓመት ነኝ የሚለው ከ39ና ከ41 በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቆጣሪዎች ይህን ለመቀነስ የታሪክ ዘመን ሰሌዳ ይጠቀማሉ። በጎጃም የጣሊያን ወረራ፣ የ1960ው የገበሬዎች ዐመፅ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣበት ዓመት፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅና የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ማንም የማይረሳቸው ምልክቶች ናቸው። የከተማ ሽማግሌዎችን የሚያነጋግር ጸሐፊም ይህንኑ ይከተል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ከማለት «ሽግሽጉ ሲመጣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነበር?» ማለት በጣም የተሻለ መልስ ያስገኛል። ከጥራዙ ዕድሜ ሲወሰድ ደግሞ በነጠላ ዓመት ሳይሆን በአሥር ዓመት ቡድን መውሰድ ነው።

ቆጠራው የሚመዘግበው ዘወትር የሚኖረውን ቤተሰብ ነው፤ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ወይም ለመቆየት ያሰበ ነዋሪ ይባላል። ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ በጎጃም ትንሽ ከተማ ሲገባ ግን ሦስት ዓይነት ሰው እጅ ላይ ያስቸግራል።

አንደኛው ተማሪው ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው የሚወስዱት መንገዶች በተማሪ ይሞላሉ። በጀርባው ደብተር፣ በእጁ የሳምንት ስንቅ፤ እንጀራ በመሶብ ክዳን ተሸፍኖ፣ በሶና ድርቆሽ በፌስታል፣ አንዳንዱ ማገዶውንም ይጨምራል። ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ዓርብ ድረስ ከተማ ይኖራሉ፣ ዓርብ ማታ ቤተሰብ ዘንድ ናቸው። በደንቡ የከተማ ነዋሪ ናቸው። የገጠሩ አባወራ ግን ቆጣሪው ሲመጣ ልጁን «የቤቴ ሰው» ብሎ ያስመዘግባል፤ የከተማው አከራይ ደግሞ «የሰው ልጆች ናቸው፣ የእኔ አይደሉም» ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላት ከተማ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የሚጎድልባት ወይም ሁለት ጊዜ የሚቆጠርላት በዚህ ነው። ማስተካከያው የዚያን ዓመት የትምህርት ቤቱን የመዝገብ ቁጥር ወስዶ ከሌላ ቀበሌ የመጡትን ለይቶ ከሕዝቡ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ነው፤ መደመር ግን አይገባም።

ሁለተኛው የአብነት ተማሪው ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ደብር ባለበት ሁሉ የቅኔ ወይም የዜማ ጉባኤ አለ። ተማሪው በደብሩ ዙሪያ በተቀለሱ ትንንሽ ጎጆዎች ያድራል፣ ቀን እየለመነ ይበላል፣ መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር ይዘዋወራል። የደብሩ አጥቢያ በከተማው ወሰን ውስጥ ከሆነ የከተማው አካል ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር ከመምህሩና ከሰበካ ጉባኤው ይገኛል፤ በዓመቱ ውስጥ ስለሚለዋወጥ የተወሰደበት ወር አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛው ለሥራ የሄደው ነው። የጎጃም ጎልማሳ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። የ1987ቱ ቆጠራ በጥቅምት፣ የ1999ኙ በግንቦት መጨረሻ መሆኑ እዚህ ላይ ትርጉም አለው፤ ጥቅምት የቆላው አጨዳ የሚደርስበት ነው፣ ግንቦት መጨረሻ ደግሞ ገበሬው ለክረምት እርሻ ደጁ የሚገኝበት ነው። የወንዶች ቁጥር ከ1987 ወደ 1999 ከሴቶቹ በፈጠነ መጠን አድጎ ከታየ ይህን ሳያጣሩ ሌላ ምክንያት መፈለግ አይገባም።

ገበያተኛውን ቆጠራው አያውቀውም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። የእርሻ ከተማ ግን የምትኖረው በእሱ ነው። በገበያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አህያው ጤፍና በቆሎ ተጭኖ፣ ሴቷ ቅቤና ዶሮ ይዛ፣ በሬ ነጂው ወደ ከብት ተራ ሲገባ፣ የከተማው ሕዝብ ስንት እጥፍ እንደሚሆን መገመት የሚቻለው ከማዘጋጃ ቤቱ የገበያ ግብር ደረሰኝና ከወፍጮ ቤቶቹ የሥራ ሰዓት ነው። ሁለቱን ለአንድ ወር በገበያ ቀንና በአዘቦት ቀን ለየብቻ መዝግቦ ማወዳደር ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

የታሪኩን ክፍል በተመለከተ ጥራዞቹ ዝም ይላሉ፤ ቁጥሩ ለምን እንደ ወጣና እንደ ወረደ አይነግሩም። ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስት ነገር ይገኛል፤ ከደብሩ፣ ከገበያው መስመር፣ ከመኪና መንገዱ። ደብረ ማርቆስ በ1840ዎቹ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ስትቆረቆር መንቆረር ነበረች፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በደብሩ ነው። በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት የራስ አዳል መቀመጫ መሆኗ ደግሞ አሳደጋት። ከዚያ በፊት ያለ ሰነድ የሚፈልግ «ደብረ ማርቆስ» እያለ ቢፈልግ አያገኝም፤ ስሟን የለወጠች ከተማ ሁሉ በአሮጌ ስሟ መፈለግ አለባት። በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። የመኪናው መንገድ በደጀን በኩል ሲያልፍ ግን ዕድሉ ወደ መንገዱ ዳር ከተሞች ዞረ። ደጀን፣ ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላና መራዊ በዚያ አንድ መንገድ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ ናቸው። መራዊ ላይ ደግሞ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው የቆጋ መስኖ አለ፤ በመስኖ ምክንያት የመጣ ለውጥ ከ1999 በኋላ ስለሆነ በየትኛውም የታተመ ቆጠራ ውስጥ አይታይም።

ለጎደለው የሚሞሉት መዛግብት እዚያው ከተማው ውስጥ ናቸው። የሰበካ ጉባኤው የክርስትና መዝገብ፣ የዕድሮች የአባላት ዝርዝር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ፎልደር፣ ከ2008 ጀምሮ ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ። ዕድር ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ቤተሰብ መዋጮ ስለሚከፍል ስሙ በየጊዜው ይታደሳል፣ የሄደው ይሰረዛል። አንድ ሰው በሁለት ዕድር ሊገባ ስለሚችል ግን ዝርዝሮቹ ጎን ለጎን ተስተያይተው ድግግሞሹ መውጣት አለበት። ከዚያ የቤተሰቡን ብዛት በአማካይ ማባዛት ይመጣል፤ እዚህም ስሕተት አለ። በ1999 የምሥራቅ ጎጃም አማካይ 4.25 ሰው በቤተሰብ ነው፤ ይህ ግን ዘጠኝ እጅ የሚሆነው ገጠር የተደባለቀበት ነው። የከተማ ቤተሰብ ከዚህ ያንሳል፤ ብቻዋን ጠላና አረቄ እየሸጠች የምትኖር እማወራ፣ ላጤ መምህር፣ ተከራይ ሠራተኛ ይበዛበታል። 1,200 ቤተሰብን በ4.25 ያባዛ 5,100 ሰው ያገኛል፤ አማካዩ 3.5 ቢሆን 4,200 ነው። 50 ቤት በዕጣ መርጦ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳደረ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ የራስን አማካይ ያስገኛል።

በመጨረሻ ቁጥሩ በጽሑፍ ውስጥ ሲቀመጥ ሦስት ነገር አብሮት ይሁን፤ የተቆጠረበት ወርና ዓመት በእኛ አቆጣጠር፣ ቆጠራ ወይስ ትንበያ መሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ከተማዋ በየትኛው ወረዳና ዞን ሥር እንደነበረች። «በግንቦት 1999 ቆጠራ፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ሥር ሳለች፣ የማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ሳይሰፋ» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ ጸሐፊ ሳይጠራጠር አንሥቶ ይሠራበታል።